የግራዝማች ጥላዬ ኒሻን ለሐራጅ የወጣ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ በስልኳ አንድ ነገር አሳየችኝ። ውጭ አገር ለሐራጅ የቀረበ የንጉሡ ዘመን ኒሻን ነው። ጥቁር ከፋይ ላይ ተጋድሞ መብራት ወርዶበታል።

«አክስቴ፣ ይህን ሰዎች ይሰበስቡታል እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። ከየት እንደማውቅ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ቶሎ የማወራ ሰው አይደለሁም። ከሄደች በኋላ ግን በልጅነቴ ሸዋ ሮቢት ላይ ያየሁት ሐራጅ ከፊቴ አልጠፋ አለ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከባላባቶች የተወረሰ ዕቃ በቀበሌው መጋዘን ሲከማች ቆይቶ እንዲሸጥ ተወሰነ፤ እኛ ሴት ተማሪዎች ደግሞ የብሩን ዕቃ እንድናጸዳ ታዘዝን። በሎሚና በአመድ ስንፈትግ ሰነበትን። ግንቦት ስለነበር የቆላው ሙቀት የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። ከሮቢ ወንዝ ዳር የተነቀለው ሽንኩርት በየደጁ ተቆልሎ ሽታው መጋዘኑ ድረስ ይገባል። የብር ድሪ፣ አልቦ፣ ዋንጫ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አበባ የተሣለበት የደረት ጌጥ፣ ሁሉም በእጃችን አለፈ። እናቴ የነበራት ጌጥ አንዲት የብር ቀለበት ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ሳነሣ ትንፋሼን እየያዝኩ ነበር።

ኒሻኑ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ስፈታው ኮከብ ሆኖ ወጣ። በክንፎቹ ላይ ያለው አረንጓዴ የተቀባ ቀለም አይደለም፤ እንደ ብርጭቆ ቀልጦ በእሳት የረጋ ነው። በዚያ ሙቀት በጣቴ ብነካው ቀዘቀዘኝ። ወደ ብርሃን ሳዞረው ከቀለሙ ሥር የተፈለፈሉ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ጨረሮች ታዩኝ። ይህን የሰው እጅ ሠራው ብሎ ማመን አቃተኝ።

የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የጎረቤታችን፣ የባላባቱ የግራዝማች ጥላዬ ነው። ግራዝማች ታስረው ከተወሰዱ በኋላ አልተመለሱም። መሞታቸው ተነገረ፤ ሬሳቸው ግን አልተሰጠም። ባለቤታቸውን እትዬ በላይነሽን ደግሞ «ለአድኃሪ ለቅሶ አይቀመጡም» አሏቸው። ጥቁር አልለበሱም፤ ድንኳን አልተተከለም፤ ደጃቸውን የረገጠ ጎረቤትም የለም። ሰው ፈርቷል። እናቴ አጥር ለአጥር እየኖረች እንኳ ቀና ብላ አታያቸውም ነበር። አንድ ቀን እትዬ በላይነሽ ብቻቸውን ሲናገሩ በአጥሩ በኩል ሰማሁ፦ «ሬሳውን ቢከለክሉኝ ዕቃውን በሰጡኝ፤ እሱን አቁሜ ባለቀስኩት።»

በእኛ አገር ሬሳው ላልተገኘ ሰው ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ኒሻኑ ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። ዕቃው ከፍ ተደርጎ በሕዝቡ ፊት ይዞራል፤ የሟቹ ሙያ ይነገራል። የግራዝማች ዕቃ ግን አንድ ሳይቀር መጋዘን ነው።

ሐራጁ በገበያ ቀን ዋለ። ከአጣዬና ከካራቆሬ ነጋዴዎች መጡ፤ ከደብረ ሲና ቆሎ ይዘው የወረዱ ሴቶችም እንቅባቸውን አስቀምጠው ከቀበሌው ግቢ ቆሙ። ከአውቶቡስ ደግሞ በዚያ ሐሩር ሱፍ ኮት የለበሰ የአዲስ አበባ ሰው ወረደ። በር ላይ የነበረችው የሴቶች ማኅበር አባል ማንነቱን ጠየቀችው።

«ሰብሳቢ ነኝ» አላት።

ሮጣ ወንበር አመጣችለት። «የየትኛው ማኅበር ሰብሳቢ ነዎት ጓድ?»

«የማኅበር አይደለም እህቴ። አሮጌ ኒሻን ነው የምሰበስበው።»

«ውይ! ታዲያ ቀድመው እንዲያ አይሉም? ሌላ ስብሰባ መጣብን ብዬ ነበር እኮ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንበሩን ግን መልሳ ወሰደችበት።

ሐራጁን የሚመራው ጓድ ሰለሞን የሚባል፣ ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ድምፀ መልካም ወጣት ካድሬ ነበር። እኔ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሜ ዕቃ አቀብለዋለሁ። ድሪው ተሸጠ፤ ዋንጫው ተሸጠ። ኒሻኑ ሲደርስ የአዲስ አበባው ሰው ከኪሱ ማጉያ መስታወት አውጥቶ ብዙ ጊዜ አየው። አያያዙ ጫጩት እንደሚይዝ ሰው ነበር።

«የማን ነው?» አለ።

«የሕዝብ ነው» አለው ጓድ ሰለሞን።

«እሱማ ገብቶኛል። ሕዝቡ ሳይወርሰው የማን ነበር? የተሸለመው ሰው ካልታወቀ ጌጥ ብቻ ነው። ታሪኩን የሚነግረኝ ካለ ጥሩ ዋጋ እሰጣለሁ።»

ጓድ ሰለሞን ደስ አለው። ወደ ሕዝቡ ዞሮ «የሚያውቅ አለ? ሳትፈሩ ተናገሩ!» አለ።

ከዚያ ሼህ እንድሪስ በምርኩዛቸው ተነሡ። የቆላ ገበሬ ናቸው፤ በጠላት ጊዜ ከግራዝማች ጋር በረሃ የወረዱ።

«እኔ አውቃለሁ። እስቲ ስጪኝ ልጄ» አሉኝ።

ጓድ ሰለሞን እንድሰጥ ራሱን ነቀነቀልኝ። በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ሼህ እንድሪስ ኒሻኑን ከራሳቸው በላይ አነሡትና በሕዝቡ ፊት መዞር ጀመሩ። ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴው ብልጭ ይላል።

«ወላሂ ይህ የጥላዬ ነው! ሮቢ በሞላ ጊዜ እኔን ቁስለኛውን በጀርባው ያሻገረኝ፣ የጥላዬ ነው! የእኛን የእስላሞቹን ሥጋ ለይቶ በእኛው ሰው እያሳረደ በረሃ ላይ ያበላን፣ የጥላዬ ነው!»

«እንዲህ ነው እንጂ! ይቀጥሉ አባቴ!» አለ ጓድ ሰለሞን፣ በዓይኑ ገዢውን እየፈለገ።

ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ ግን ነገሩ ለአገሩ ሰው ሁሉ ገባው። ነጋዴዎቹ ከተቀመጡበት ተነሡ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላ በኩል እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው፣ እንደ ሐዘንተኛ ለበሱት። እናቴ ከቆመችበት ሄዳ ከጎናቸው ቆመች፤ እሷም ገለበጠች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ የቆሎ ሻጮቹ፣ ከዚያ ሴቱ ሁሉ። ነጠላ ሲገለበጥ ድምፅ እንዳለው ያን ዕለት አወቅሁ።

ማንም አልጮኸም። እትዬ በላይነሽ ደረታቸውን በቀስታ እየመቱ «ጥላዬ፤ ጥላዬ» ብቻ አሉ። ባላቸውን በስም ሲጠሩ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

«መነሻው ስንት ነው? ማን ጀመረ?» አለ ጓድ ሰለሞን። ሴቶቹን አየ፤ ነጠላቸውን አየ፤ ፊቱ ተለወጠ። በሩ ላይ ጠመንጃ ይዘው ወደቆሙት አብዮት ጥበቃዎች ዞረ። እነሱም የአገር ልጆች ናቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይጠፋ ነበር።

«እርስዎ ይገዙ የለም እንዴ?» አለው የአዲስ አበባውን ሰው።

ሰውየው ማጉያውን ኪሱ ከተተ። «ለቅሶ ላይ አይገዛም» አለ ዝግ ብሎ።

«የምን ለቅሶ?» አለ ጓድ ሰለሞን። የሚያምረው ድምፁ ግን አብሮት አልነበረም። ተናገሩ ብሎ ያዘዘ ራሱ ነው፤ ማንን ይክሰስ? «ገዢ አልቀረበም፤ ወደ መጋዘን ይመለስ» አለ።

ሼህ እንድሪስ ዙራቸውን ሳይጨርሱ አልመለሱልኝም።

ሰው ሲወጣ በእትዬ በላይነሽ በኩል እየዞረ ወጣ። ክርስቲያኑ «እግዜር ያጥናዎት»፣ እስላሙ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» ይላል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ገበያ ላይ እንደሚሰነባበት ሰው።

ኒሻኑን ጠቅልዬ ሳጥን የከተትኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ የት እንደደረሰም አልሰማሁም። ሼህ እንድሪስ ተጠርተው ተጠየቁ። «ጓድ ተናገሩ አሉ፤ ተናገርኩ» ብለው በሰላም ተመለሱ። በማግስቱ እናቴ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ይዛ የእትዬ በላይነሽን በር አንኳኳች፤ እኔም ተከተልኳት። እትዬ በላይነሽ አስቀመጡንና «አሁን ቀበርኩት» አሉ።

አሁን በዕድሜዬ ብዙ ለቅሶ እደርሳለሁ። ድንኳኑ ሰፊ ነው፤ ወንበሩም ሞልቷል። ወጣቶቹ በአንድ ጥግ ካርታ ይጫወታሉ፤ ሌሎቹ ስልካቸውን ያያሉ፤ እኩዮቼ ይቆጣሉ። እኔ አልቆጣም። ማልቀስ ተከልክሎ የማያውቅ ሰው እንዲያ ነው። ሳያውቁትም ቢቀሩ እመርጣለሁ።