ሸኚ የሚመለስበት ድንጋይ

ዓርብ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ቡሬ

እናቴ ከእኔ ቀድማ ተነስታ፣ ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ የታሰረ ጓዝ አለ። ሁለት ሌሊት ለምናድርበት የእግር ጉዞ ሁለት ነጠላ፣ የክረምት ጋቢና የላስቲክ ጫማ ይዛለች።

«እማዬ፣ ይኼ ሁሉ ለምን ነው?»

«ደጋ ነው። አንች ብርዱን የት ታውቂዋለሽ?»

በማለዳ ከእሷ ጋር መሟገት አያዋጣም፤ ውላችን እንዳይፈርስም ፈራሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ባሕር ዳር ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ ብዬ ስለምናት ከርሜ፣ በስንት ጭቅጭቅ እሽ ያለችው በአንድ ነገር ነው፦ ሙሽራ ሆና በወጣችበት የእግር መንገድ ወደ ቋሪት ተመልሳ፣ የደብሯን ሚካኤልን ከመሳለሚያው ላይ ካየች በኋላ። መሳለሚያ መንገደኛው ቤተ ክርስቲያኑ መጀመሪያ ብቅ ሲልለት ቆሞ የሚሳለምበት ቦታ ነው። እኔም ክፍሏን ቀለም አስቀብቼ፣ አዲስ መጋረጃ ሰቅዬ መጥቻለሁ። እሑድ ይዣት እገባለሁ።

የሚኒባሱ ረዳት «ፍኖተ ሰላም፣ የቀረን አንድ ሰው!» እያለ አራት ሰው ጫነ። እግሬን በርበሬ የሞላ ጆንያ ላይ ሰቅዬ፣ እያስነጠስኩ ደረስኩ። አስጎብኛችን ይበልጣል መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቀናል። ተጓዦችን ከአንዱ ደብር ደን ወደ ሌላው በእግር የሚያዞር የከተማው ወጣት ነው። የእናቴን ጓዝ አንስቶ መዘነና «እማማ፣ አንቱ ቤት ለቀው ነው እንዴ የሚሄዱት?» አላት። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከጅጋ በላይ

ጅጋ ላይ ለእናቴ በቅሎ ተከራየን። ባለበቅሎው የጠራውን ዋጋ ስትሰማ «ልንገዛት ነው እንዴ?» ብትለው አፍሮ ቀነሰ። በቅሎዋንም ለይበልጣል አደራ ብሎ ሰጠው።

ጤፉን፣ በቆሎውን፣ የከብት ግጦሹን አልፈን ወደ መጀመሪያው ደብር ደን ገባን። ዝግባ፣ ወይራ፣ ግንዱን ሁለት ሰው የማያቅፈው ዋርካ። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ከላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ፎቶ ለማንሳት ሳንጋጥጥ ደኑ አለቀብኝ። እንደገና ማሳና ባሕር ዛፍ።

«አለቀ?» አልኩ።

«ድሮ ከዚህ እስከ ወንዙ አይቋረጥም ነበር» አለች እናቴ ከበቅሎዋ ላይ። «ሚዜዎቹ ጥላ ይዘው መጥተው አንድም ቦታ ሳይዘረጉት ነው ቡሬ የገባነው።»

አሁን ፀሐዩ አናቴን ይበሳዋል። እኔ ያላየሁት ጫካ ናፈቀኝ፤ እንዲህም ይናፈቃል ለካ። የይበልጣል ዘመዶች ቤት ትኩስ ድንች በአዋዜ በልተን፣ አሬራ ጠጥተን አደርን።

ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ

ዳገቱን ስንያያዘው እናቴ «አውርዱኝ» አለች። ጫማዋን አውልቃ፣ ከመንገዱ ዳር ወዳለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣችና ጥቅጥቅ ወዳለ ባሕር ዛፍ ዞራ ሦስት ጊዜ ሰገደች።

«እማማ፣ ሚካኤል ገና ነው» አለ ይበልጣል ስልኩን እያየ። «ዳገቱን ስንጨርስ ነው የሚታየው።»

«ለአንተ ነው ገና። ከዚች ድንጋይ ነው የሚታየው።»

በግንዶቹ መካከል አንገቷን ወዲያ ወዲህ አደረገች። ጉልላቱም፣ የደኑ ጫፍም የለም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«እናቴ እዚህ ድረስ ነው የሸኘችኝ» አለችኝ። «ሸኚ ከመሳለሚያ አያልፍም። እዚች ላይ ቆማ ቀረች። እኔ ሙሽራ ነኝ፣ ተሸፋፍኛለሁ፣ ዞሬ አላይ ነገር። ለመልስ ሳልመጣ ታማ ሞተች። ፊቷን ሳላየው ቀረሁ።»

ከዚያ ወዲህ የመጣችው ሁሉ በመኪና ነው፤ መኪናው ደግሞ በወዲያ በኩል ያልፋል። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ።

ቅዳሜ ማታ፣ አጎቴ ቤት

አጎቴ አስሬ የእናቴ ታናሽ ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ይኖራል። እራት ላይ እናቴ «ያ ባሕር ዛፍ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

አጎቴ ጉርሻውን መለሰ። «የእኔ ነው፣ እታለም። ይህን ቤት ቆርቆሮ ያለበስኩት በፊተኛው ቆረጣ ነው።»

«መቼ ይቆረጣል?»

«ገና ነው፤ ሁለት ክረምት ይፈልጋል። ግን አንች ካልሽ ነገውኑ እጥለዋለሁ።»

«ተው፣ ይድረስ» አለች። «እኔ አልቸኩልም።»

የክረምቱ ጋቢ ትዝ አለኝ። ለሁለት ሌሊት አልነበረም የያዘችው።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

በደብሩ ደን ውስጥ ቀስ ብለን ዞርን። ዝግባውን ሁሉ እንደ ዘመድ እየነካካች አለፈች። ከዚያ በቅሎዋ ተጫነች፤ የእኔ ሻንጣ ብቻ። እናቴ በእግሯ ተከተለችን።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«እማዬ፣ ውል ነበረን» አልኳት።

«አለን እንጅ። ሚካኤልን ከዚህ ላይ ካየሁ በኋላ ነው ያልኩሽ። አየሁ?»

«ባሕር ዛፉ እስኪቆረጥ እዚህ ልትቀሪ ነው? እንዳላይሽ?»

«መንገዱን አውቀሽዋል፤ ነይና እይኝ» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። «በሉ ሂዱ። ሸኚ ከዚህ አያልፍም።»

ተናድጃለሁ፤ አልቅሻለሁም። ይበልጣል በቅሎዋን እየሳበ ቀደመኝ። ቁልቁለቱን ጀመርኩ።

ሙሽራ አይደለሁም፤ የሸፈነኝም የለም። ጥቂት በሄድኩ ቁጥር ቆሜ ዞርኩ። ድንጋዩ ላይ ቆማለች። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ፊቷን አየሁት።