ያበጠ ባትሪና የእኔ ድምፅ

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ቢቸና መናኸሪያ ስንት ዘመን ጆንያ ተሸክሜ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ስሰቅል፣ የትኛው ደጀን፣ የትኛው ሞጣ እንደሚሄድ የማውቀው በረዳቱ ጩኸት ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ስጀምር ብዙ ሰው ሳቀብኝ። ይሳቅ። ያኔ የሳቁት ፊቴ ቆመው ነው፤ የሚገባቸውን መልስ ሰጥቻቸዋለሁ።

በማኅበራችን ወር በመጣ ቁጥር፣ ጠላው ሳይቀዳ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ ምንባብ ያነባል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ንባብ እየሰማሁ «አሜን» ስል ኖርኩ። አንድ ቀን ግን «ከፋሲካ በኋላ ያለው ተራ ለእኔ ይሁን» ብዬ አፌን ከፈትኩ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንለው፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ትችለዋለህ?»

«እችለዋለሁ።»

መቻሌን ለማወቅ በስልኬ እየቀዳሁ አጠና ጀመር። አነባለሁ፣ መልሼ እሰማለሁ። ስሳሳት ራሴን እሰድባለሁ፦ «አንተ በሬ! ደግመህ በለው!» ግንባሬን በመዳፌ ስመታው ጧ ማለቱ ሳይቀር ይሰማል። ከእኔና ከግድግዳው በቀር ለማንም ጆሮ የታሰበ አልነበረም።

ከዚያ ባትሪው አበጠ፤ የስልኩ ጀርባ እንደ ተነፋ ሆድ ተነሣ። የቢቸና ስልክ ጠጋኞች «ለዚህ የሚሆን ባትሪ የለንም» ስላሉኝ ሞጣ ወሰድኩት።

የሞጣው ጠጋኝ ጥንቁቅ ነው፤ አልዋሽም። መስኮቱን ከፍቶ፣ ከብየዳው ጭስ አፍንጫውን ሸፍኖ ነው የሚሠራ። ያበጠውን ባትሪ እንደ እንቁላል ይዞ አወጣና በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ እሳት አጠገብ እንዳያስቀምጡት። ወንዝም እንዳይጥሉት። መርዝ ነው።»

«ስልኩ ራሱስ?»

«እሱም አያጣም፤ ግን ልክ አለው። እርሳስ የሚባለው ብረት ከሺህ እጅ አንድ እጅ ካለፈ አውሮፓ አያስገቡትም። ሕጉ የተጣለው ሠሪው ላይ ነው፤ እርስዎን ይስማማሉ አይስማሙም ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ደስ አለኝ። የማያውቀኝ ሰው፣ የትየለሌ ርቆ፣ ለጤናዬ ቁጥር ቆርጦልኛል። ጠጋኙ «የቀዱት እንዳይጠፋብዎ ኮምፒውተር ላይ ላኑረው?» ሲለኝ ሳላመነታ «አኑረው» አልኩት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ከሞጣ የመጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ቆሜ የጤፍ ጆንያ ሳስር፣ ከታች በድምፅ ማጉያው የራሴ ድምፅ እየተንተባተበ ወጣ። «አንተ በሬ! ደግመህ በለው!» ጧ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ።

ረዳቱ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ከየት አመጣኸው?»

«ሞጣ ዘፈን ሳስጭን ‹ቀልድ› ከሚለው ጋር ጫኑልኝ። ኧረ ያልያዘው የለም!»

ከዚያ ወዲያ ገመድ ሳጠብቅ እንኳ ከታች «ደግመህ በለው!» ይሉኝ ጀመር።

ሞጣ ተመለስኩ። ጠጋኙ አልካደም።

«ለአንድ ጓደኛዬ ነበር የላክሁት፤ ለሳቅ ያህል። ክፋት የለበትም።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«በእጅዎ ሰጥተውኝ የለ? ‹አኑረው› አላሉኝም?»

እያየሁ ከኮምፒውተሩ አጠፋው። ከሌላው ሰው ስልክ ማን ያጥፋው? አፍንጫውን ከጭስ የሚጠብቅ ሰው አፉን አይጠብቅም።

የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪያችንን ጠየቅኋት፤ ከሌላ ወረዳ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። የግል መረጃ ሕግ እኛም አገር እንደወጣ ነገረችኝና ወረቀቱን አትማ ሰጠችኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ግን አነበብኩት። መረጃው ከተሰጠበት ጉዳይ ውጭ አይውልም፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይያዝም ይላል።

«ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው» አለችኝ። «እርስዎ የፈቀዱት እንዲያኖረው እንጂ እንዲያድለው አይደለም።»

«ከእኔ ጋር ከሆነ መናኸሪያ ይምጣና አብሮኝ ይቁም!»

ተናደድኩባት፤ የእሷ ጥፋት አልነበረም። የከነከነኝ ሌላ ነው። ሕግ ለእርሳሱ ቁጥር አለው፤ ለድምፄ ግን «የሚያስፈልገው» ነው የሚለው። የእኔ መንተባተብ ለሞጣ ሕዝብ ስንት እጅ ያስፈልገዋል? እርሳሱን «ጨምሩብኝ፣ ፈቅጃለሁ» ብዬ ብለምን አይጨምሩልኝም። ድምፄን ግን «አኑረው» ያልኳትን አንዲት ቃል እንደ ቀብድ ይዘው ወሰዱት። እርሳሱ ዕቃው ሳይወጣ ይመዘናል። የእኔው ከወጣ በኋላ «ክሰስ» ይሉኛል። ማንን ልክሰስ? የአውቶቡሱን ተሳፋሪ ሁሉ?

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። ሙሴው በር ላይ ያዘኝ።

«ወንድሜ፣ ለዛሬ ሌላ ሰው ያንብብ። ለአንተው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነስ አንብብ በለኝ።»

ገብቼ ባዶ ሌማት አነሣሁና መካከል ላይ አስቀመጥኩት። «ስልክ ያለው ሁሉ እዚህ ይጣል። ከዚያ አነባለሁ።»

«አታምነንም?» አለ አንዱ።

«ጠጋኙንም አምኜው ነበር።»

«አንድ ስልክ ቢቀርስ ምን ይጎዳሃል?»

«ከሺህ አንድ ለእርሳስ ነው። ለእኔ አንድም!»

አጉረመረሙ። አንዱ ተቆጥቶ ወጣ። ሌሎቹ ጣሉ፤ ሙሴውም ጣለ። ሌማቱን ከደንኩና ተነሣሁ።

አነበብኩ። ሁለት ቦታ ተደናቀፍኩ፤ ማንም አልሳቀም። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ከሌማቱ ውስጥ ስልክ ጠራ።

«አንተ በሬ! ደግመህ በለው!» ጧ። «አንተ በሬ! ደግመህ በለው!» ጧ።

መጥሪያ አድርገውታል። ሙሴው አንገቱን ደፋ። ስልኩን ላጥፋ ብሎ ወደ ሌማቱ እጁን ሲዘረጋ «ተወው» አልኩት።

ጮኾ ጮኾ እስኪያበቃ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ መስመሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት።