የአያ ጥሩነህ ጠመንጃ መነጽር

ባለፈው ሳምንት በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ መምህራችን የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ሊያሳዩን አሰለፉን። ጓደኞቼ እየተጋፉ ዓይናቸውን ሲያስጠጉ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ እግሬ እዚያው ተተከለ። ከኋላዬ የቆመችው ሰናይት «ምነው? ሽንኩርቱ እንዳያስለቅስሽ ፈራሽ?» ብትል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ዓይኔን ግን አላስጠጋሁም። ክብ መስታወት ባየሁ ቁጥር ከወዲያ ማዶ አንድ ትንሽዬ ሽማግሌ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።

ትዝታ የሽማግሌ ሀብት ነው ይላሉ። ይበሉ! እኔ ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ግን የራሴ የሆነ አንድ አለኝ።

ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አክስቴ በላይነሽ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ቤት አላት፤ ትምህርት በሌለኝ ቀን ሁሉ ውሎዬ እዚያ ነበር። ፎቶ ቤት ሲባል ለሰው የሚታየው ሙሽራና የመታወቂያ ፎቶ ነው። የባላገር ሰው ግን የጠመንጃውን መነጽርም ይዞላት ይመጣ ነበር። መስታወት ሳይጭር የሚያጸዳ ሌላ ማን አለ? አክስቴ መነጽሩን ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀው «በጋቢዎ ጫፍ ጠርገውታል?» ብላ ነው። ያልጠረገው የለም። «አቧራ ማለት የደቀቀ ድንጋይ እኮ ነው» ትላለች። «ደረቁን ካሻሹት ጭረቱ እስከ ዕለተ ምጽአት አይለቅም።» ስለዚህ መጀመሪያ ሲጫኑት ነፋስ በሚተፋ የጎማ ኳስ ትነፋዋለች፤ ቀጥላ በለስላሳ ብሩሽ ታራግፈዋለች፤ ጨርቁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ የማይታጠፍ ሕግም ነበራት፤ መነጽሩ ይገባል፣ ጠመንጃው ደጅ ይቀራል።

አያ ጥሩነህ የመጡት ክረምቱ እንደወጣ ነው። ከቁይ ወዲያ ያለ የገጠር ሰው ናቸው። ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። ጠመንጃውን በነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ባንኮኒው ላይ አጋደሙትና ከጋቢያቸው እጥፋት የባቄላ እሸት ዘግነው ለእኔ ሰጡኝ።

«አባቴ፣ ጠመንጃውን ደጅ ያድርጉትና መነጽሩን ብቻ ይፍቱልኝ» አለች አክስቴ።

«አይፈታም።»

«ግድ የለም፣ ብሎኑን እኔ እፈታዋለሁ።»

«አይፈታም አልሁሽ እኮ! ስማቸው ያሰረው ነው።»

ስማቸው የሚባል ልጅ ነበራቸው። በክረምቱ መግቢያ ታሞ ሞተ። በዚያ ጠመንጃ ማሳቸውን ከከርከሮ ይጠብቅ ነበር። ካረፈ ወዲህ አባትየው «የልጄ እጅ እንዳረፈበት ይቆይ» ብለው ለማንም አላስነኩትም። መነጽሩን ግን የክረምቱ እርጥበትና የምድጃው ጭስ ተባብረው አጨለሙት። እሳቸው ደግሞ ልጃቸው ያየው የነበረውን ጋራ በዚያው መነጽር ማየት አማራቸው። ቢያዩ ጉም ብቻ ሆነባቸው።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ልቧ ራራ መሰለኝ፣ ሕጓን አላላች። «እሺ፣ እንደታሰረ አጸዳዋለሁ። መቀባበያውን ይሳቡና ባዶ መሆኑን ብቻ ያሳዩኝ።»

«ባዶ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ይሳቡልኝ።»

«ሥላሴን! እኔ ጥይት አላጎረስሁትም። ምዬልሽ ደግሞ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እነሱ ሲከራከሩ እኔ ባቄላዬን እያላመጥሁ ባንኮኒውን ዞርሁ። መነጽሩ ምን ያህል ቆሽሾ ይሆን ብዬ፣ በአፈሙዙ በኩል ጎንበስ አልሁና ዓይኔን ከፊተኛው መስታወት ጋር አስተካከልሁ። አያ ጥሩነህም «ይኸው፣ ጉም ነው የሚታየኝ» ብለው በኋላው በኩል አጎነበሱ። መነጽር በግልባጩ ሁሉን ነገር ያሳንሳል። በጭጋጉ መሃል ትንሽዬ፣ በጣም ትንሽዬ ሽማግሌ፣ ከሩቅ አገር ሆኖ ዓይኑን ተክሎብኛል። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ፈገግ አልሁለት።

ወዲያው ሹሩባዬ ተጨመደደ። አክስቴ ወለሉ ላይ ጎትታ ጣለችኝ። ከሕመሙ ይልቅ ንዴቱ አስለቀሰኝ። የሽማግሌው ጣት በልማድ ወደ ቃታው ሄዶ እንደነበር የነገረችኝ ኋላ ነው።

«ይክፈቱት!» አለች። አንቱታዋ ሳይጠፋ ድምፅዋ ብቻ ተለወጠ። «እርስዎን አምናለሁ፤ ብረቱን ነው የማላምነው።»

«ከስማቸው ወዲህ የማንም እጅ አላረፈበትም ነው የምልሽ!»

«ስማቸው ራሱ ቢሆን፣ ይቺን ልጅ ፊቱ አቁሞ ሳይከፍተው ይቀር ነበር?»

ደጅ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። አያ ጥሩነህ አፈሙዙን ወደ ባዶው ግድግዳ አዞሩና መቀባበያውን ሳቡት።

ጥይቱ ተስፈንጥሮ ወጣ። ባንኮኒውን መታና ተንከባሎ እግሬ አጠገብ ቆመ። ስማቸው አጉርሶት ነበር የታመመው። አባትየው ሳያስነኩ የጠበቁት የልጃቸው እጅ ይኸው ነበር።

አያ ጥሩነህ ከጥይቱ ወደ ፊቴ ቀና አሉ። «ልጁ ከሥሩ ነው የምትተኛው» አሉ። «የስማቸው ልጅ። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ፣ እሷ ከሥሩ።»

ከዚያም «ጥረጊው። ሁሉንም» አሉ።

አክስቴ ነፋች፣ በብሩሽ አራገፈች። በኋላው መስታወት ላይ ትንፋሿን ስታሳርፍበት፣ በእንፋሎቱ ውስጥ የወዝ ቀለበት ብቅ አለ፤ ከጠርዙ የቅንድብ ምልክት አለበት፤ የስማቸው መሰለኝ። እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨርቁን ከመሃል ወደ ዳር በቀስታ እያዞረች ጠረገችው፤ ምልክቱ ጠፋ። ሲሄዱ መቀባበያውን ወደ ኋላ እንደሳቡት ነበር፤ በመነጽሩ ግን አላዩም።

ዘንድሮ ተመልሰው መጡ። ጠመንጃ አልያዙም፤ የስማቸውን ትንሽ ልጅ ይዘዋል። ፎቶ ሊያስነሷት ነው። እኔ ቁመቴ ተመዝዞ አላወቁኝም። «ያች ልጅ የት ደረሰች?» ብለው ሲጠይቁ አክስቴ በአገጯ ጠቆመችኝ። አያ ጥሩነህ ያን ቀን እንዳዩኝ አዩኝ። ወደ አክስቴ ዞሩና «ሁለቱን አንድ ላይ አንሺልኝ» አሉ።

ጎን ለጎን ቆምን። ልጅቷ ፀጉሯ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እጇን እጄ ውስጥ ከታ ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ የኛ ምናችን ነሽ?» አለችኝ።

እህት አይደለሁ፣ የአጎት ልጅ አይደለሁ፣ ጎረቤትም አይደለሁ። አገራችን ለዝምድና ስም አይቸግራትም፤ ከአንድ ጥይት ለተረፉ ሁለት ልጆች ግን ያወጣችውን ስም እስካሁን አልሰማሁም። እየፈለግሁ ነው።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ እሷ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። አክስቴ ፎቶውን አየችው፤ ደግሜ ላንሣችሁ አላለችም።