አዲሱ ፒክ አፕ ከቦዲቲ እስከ ኦቶና

አጎቴ ሶዶ ገበያ ጨርቅ ሲነግድ ኖሮ በስተርጅናው የመጀመሪያ መኪናውን፣ አንድ ፒክ አፕ፣ ከአዲስ አበባ ገዛ። መንዳት አያውቅም ነበር። ከዘመድ መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ፣ የእህቱ ልጅ፣ ብቻ ስለነበርኩ ልነዳለት አብሬው ሄድኩ። ሻጩ ቁልፉን ሲሰጠን፣ «ሞተሩ ገና አልተላመደም። ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ከሃምሳ በላይ እንዳትነዱት፤ ይቃጠላል» አለን።

አጎቴ ቃሉን እንደ ግዝት ያዘው። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኑን ከፍጥነት መቁጠሪያው አልነቀለም። መርፌው ሃምሳን ሲነካ ጭኔን ይቆነጥጠኛል። ከሻሸመኔ ወዲህ መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነበር፤ ጠጠር ከሥር በመታን ቁጥር «ምኑ ተሰበረ?» ይለኛል። ፍርሃቱ ተጋባብኝና እኔም የሞተሩን ድምፅ ሳዳምጥ አንገቴ ደረቀ።

ቦዲቲን እንዳለፍን ቃሬዛ ተሸክመው የሚሮጡ አራት ሰዎች ላይ ደረስን። አንዲት ባልቴት መንገዱ መሃል ገብታ እጆቿን ዘረጋች።

«ኦቶና ሆስፒታል አድርሱን» አለችኝ በወላይትኛ። «ልጄ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ ልትሞትብኝ ነው።»

ያለችውን ለአጎቴ ተረጎምኩለት። «ጫናቸው» አለ።

ከነቃሬዛዋ ከኋላ አስተኛናት፤ እናቷም አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ያንኑ ሃምሳዬን ያዝኩ። የልጅቷ ጩኸት በመስኮት ይገባል። ድንገት ጩኸቱ ቆመ፤ ዝምታው ከጩኸቱ ባሰ። አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ መቁጠሪያው ላይ ደፋበት።

«ምን ትጠብቃለህ? ንዳው እንጂ!»

«ሞተሩስ፣ አጎቴ?»

«ሞተሩ ብረት ነው!»

ስንት እንደነዳሁ አላውቅም። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል፤ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ነርሶች ወላዷን ተቀብለው አስገቧት። እኛ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አጎቴ አንዴ በሩን፣ አንዴ መኪናውን ያያል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባልቴቷ ወጣች። ልጇ ተርፋለች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ይህን ነግራኝ ወደ አጎቴ ሄደችና እጁን ሳመችው። እሱ የሚያውቀው ወላይትኛ የገበያ ብቻ ነበር፤ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት።

ፒክ አፑ ዕድሜውን ሁሉ ዘይት እየጠጣ ሠራ። አጎቴ በዚህ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። እኔ ግን ከመነሻው ፈጥኜ ነድቼ ቢሆንስ ኖሮ እያልኩ፣ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።