የወንድሜ ጡብ

ይቺን ቢጫ ጡብ እንዳትነካት፣ ታቃጥልሃለች። ከምድጃ ያወጣኋት አሁን ነው። ክረምት በገባ ቁጥር አሞቃታለሁ። ልጆቼ “እማማ አረጀች” ይላሉ፤ ይበሉ። ስትሞቅ የምትሸተው ያ የደረቅ አፈርና ያረረ ዱቄት ሽታ ወረታ ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል።

አባቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ዳቦ ቤታችን ፊቱ ወደ መንገዱ፣ ጀርባው ወደ ፎገራ ሜዳ ነበር። ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ልብስ አይደርቅ፣ እንጨት አይነድ። በቤታችን ደረቅ ነገር ቢኖር የአባቴ ምድጃ ብቻ ነበረች።

ምድጃዋ ውስጧ በእሳት ጡብ የተገነባ ነበር። አባቴ ስለዚያ ጡብ ወሬ ከጀመረ አያባራም። “ተራው ቀይ ጡብ እሳት ሲበረታበት ይሰነጠቃል። ይሄ ግን ሲሠራም ለእሳት ታስቦ ነው፤ አፈሩ ሌላ፣ አተኳኮሱ ሌላ። ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ቀስ ብሎ ይመልሳል። ብረት የሚቀልጥበት፣ ኖራ የሚቃጠልበት ምድጃ ሁሉ ሆዱ በዚህ ነው የሚለበጠው” ይላል። በሲሚንቶም አያያይዘውም፤ ሲሚንቶ በእሳት ይፈረፈራል። ስባሪውን ወቅጦ ከሸክላ አፈር ጋር ያቦካና በዚያ ይገነባዋል። እናቴ ታዲያ “ስለኔ እንዲህ አውርተህ ታውቃለህ?” ትለው ነበር።

ከግንባታው የተረፈች አንዲት ጡብ ነበረች፣ ይቺው። ታናሽ ወንድሜ ደረቱን ያመዋል፤ ክረምት ሲገባ ሳል አይለቀውም። እናቴ ማታ ማታ ጡቧን አሙቃ በአሮጌ ጨርቅ ትጠቀልልና እግሩ ሥር ትሸጉጥለታለች። “እቴ፣ እኔኮ ሚስት አግብቻለሁ” እያለ ያስቀኝ ነበር፤ ሚስት ምን እንደሆነች የሚያውቅ ይመስል። ሲነጋ ጡቧ በርዳ ትገኛለች። እናቴ በእጇ ዳሰስ ታደርጋትና “ሙቀቷን ልጄ ወሰደው” ብላ ደስ ይላታል።

ወንድሜ አድጎ ጢም ማብቀል ሲጀምር ያ የምልመላ ጊዜ መጣ። ጎረምሳ እየተለቀመ ወደ ጦር ሜዳ ይጫን ጀመር። ከቁሐር ሚካኤል የመጡ እናቶች ጭቃ ላይ እየወደቁ ከመኪናው ኋላ ሲሮጡ አይቻለሁ። የወንድሜ ተራ ሲደርስ አባቴ ሄዶ የቀበሌውን ሊቀመንበር ለመነ። ሊቀመንበሩ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። “ለሠራዊቱ ዳቦ የሚጋግር እጅ አልነካም። ምድጃው እስከነደደ ድረስ ልጅዎ ከርስዎ ጋር ነው” አለው።

ምድጃዋ ግን አርጅታ ነበር። ነሐሴ ላይ ጣሪያዋ ወደቀ። ወረታ ላይ የእሳት ጡብ ከየት ይምጣ? አባቴና ወንድሜ ይፋግ ድረስ ሄዱ፤ በጣሊያን ጊዜ ከተሠራ የኖራ ምድጃ ፍራሽ ላይ ጡብ ነቅለው በአህያ ጫኑ። ሲመለሱ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቷል። አህዮቹ እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ገቡ፣ ጡቡም ራሰ።

“የራሰ ጡብ ኃይለኛ እሳት ከነካው ውስጡ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ያፈነዳዋል” አለ አባቴ። ስለዚህ ምድጃዋን ገንብቶ በኩበት ፍም ብቻ፣ ቀስ እያለ ሊያደርቃት ጀመረ። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የምትለዋ ተረት ከአፉ አትጠፋም ነበር። ሊቀመንበሩ መጣ። ቅዳሜ ለሠራዊቱ የሚሄደው ዳቦ ካልደረሰ እሱንም የሚጠይቀው እንዳለ ተናገረ። አባቴ “አንድ ሳምንት ጨምርልኝ” ብሎ ለመነው።

“እኔ ጋ ሳምንት የለም” አለ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ።

አርብ ዕለት አባቴና ወንድሜ ጁምዓ ሄዱ፣ እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። እናቴ ብቻዋን ከምድጃዋ ጋር ቀረች። “ኩበቱ ሲልፈሰፈስ እያየሁ፣ ቅዳሜ መጣብኝ” አለችኝ በኋላ። ለክረምት የሸሸግነውን ደረቅ ወይራ አምጥታ ጨመረችበት። ቶሎ እንዲደርቅላት ነው። ልጇን ልታስቀር ነው።

ዱቄቴን ተሸክሜ መንገድ ላይ ሳለሁ ድምፁን ሰማሁ። የጥይት መስሎኝ ነበር። ስገባ ቤቱ በእንፋሎትና በአቧራ ተሞልቷል፣ ጡቡ አንድ በአንድ እየፈነዳ ወደ ውስጥ ይወድቃል። እናቴ ፍልጥ በእጇ እንደያዘች ቆማለች። አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ምድጃዋን፣ ከዚያ እናቴን አየ። ፍልጡን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደና “ተቀመጪ” አላት። እስኪሞት ድረስ ያን ቀን አላነሳባትም። ያቺን “የቸኮለ” የምትል ተረቱንም ሁለተኛ ሲተርታት አልሰማሁም። እሷ ግን ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ቅዳሜ ወንድሜን ወሰዱት። መኪናው ላይ ሆኖ “እቴ፣ ሚስቴን አደራ” አለኝ። ሊያስቀኝ ነው። ሳቅሁለት፣ ምን ላድርግ።

ሞተ የሚል መርዶ አልመጣም፣ አለ የሚልም አልመጣም። መርዶ ከሌለ ለቅሶ አይቀመጡም። እናቴ ብቻ በየክረምቱ ጡቧን እያሞቀች፣ ባዶው አልጋ ላይ እግሩ በሚያርፍበት በኩል ትሸጉጣት ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ “እማ፣ ለማን ነው?” አልኳት።

“ብርድ አገር ወስደውት ይሆናል” አለችኝ።

አባቴም እናቴም አለፉ። ሜዳው ዛሬ ሩዝ በሩዝ ሆኗል፣ ዳቦ ቤቱ ከነበረበት ቦታ ሌላ ቤት ተሠርቶበታል። እኔም ማታ ጡቧን እንደ እናቴ ጠቅልዬ ትርፍ አልጋው ላይ አስቀምጣታለሁ። ሲነጋ ስዳስሳት ለብ እንዳለች ናት። ሙቀቷን የወሰደው ሰው የለም።