ያልነገርኳት ኮርስ

በእናቴ ቤት ያልተጨበጠ ነገር አይወራም። እርግዝናም ሆነ የቤት ግዢ ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ እስኪሳካ ድረስ ሆድ ይፍጀው ነው። ስለዚህ ከሁለት ዓመቱ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ወጥቼ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ላመለክት እንደሆነ ስነግራት፣ ደስታዋን እንኳ ሳትጨርስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ለማንም እንዳትናገሪ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለችኝ። «ለጓደኛሽም ቢሆን።»

«ጓደኛሽ» ያለቻት ያለችኝን አንዲት ጓደኛ ነው። ከዳላስ ወጣ ብላ ካለችው ከሜስኪት ከተማ አሮጌ መኪናዋን እየነዳች መጥታ፣ ሌክ ሃይላንድስ ካለው አፓርታማችን በር ላይ ጠዋት ጠዋት ታነሳኝ ነበር። እኔ መኪና አልነበረኝም፤ ዳላስ ውስጥ ደግሞ መኪና የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ነው። የፕሮግራሚንግ ክፍላችን አንድ ነበር። እሷ በትምህርት ከእኔ ትበልጣለች፤ ኮዴ ውስጥ የተሳሳትኩትን በእርሳሷ ጫፍ እያሳየች ታርምልኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው፣ የኮሌጁን አማካሪ ለማነጋገር ብቻዬን ሄድኩ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ሁለተኛው የፊዚክስ ኮርስ፣ ፊዚክስ ቱ፣ ቢወሰድ ይመረጣል ይላል፤ እሳቸው ግን እሱን ሳይወስድ የገባ ተማሪ አይተው እንደማያውቁ፣ ቦታውም በጣም ጥቂት እንደሆነ ነገሩኝ። ሌላም የሚፈለገውን አንድ በአንድ ዘረዘሩልኝ። ዕለቱን ለፊዚክሱ ተመዘገብኩ።

በማግስቱ ጓደኛዬ ቤት ልትጠይቀኝ መጥታ፣ መኪናዋን በራችን ላይ ፓርክ አድርጋ የኮርስ ዝርዝሬን አየችው።

«ፊዚክስ ቱ ምን ያደርግልሻል? ሪኳየርድ አይደለም እኮ» አለችኝ።

«ባዶ ሰዓት ነበረኝ፣ እሱን ልሙላበት ብዬ ነው።»

«ኦኬ። እኔ ስፒች ወሰድኩ። ማለቴ፣ ቀላል ኤ ነው።»

እዚህ ላይ በእናቴ ማመካኘት እችላለሁ። ግን አፌን የዘጋው የእሷ ትእዛዝ ብቻ አልነበረም። ቦታው ጥቂት ነው ተብያለሁ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ትበልጠኛለች። ካመለከተች እኔ መቅረቴ ነው ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጭንቀት ብቻ ነው። ፊዚክሱ አስለቀሰኝ። ኢኮኖሚው የወደቀበት ዓመት ነበር፤ ካልገባሁ ትምህርቱን አቁሜ እናቴ አረጋውያን እየተንከባከበች የምትሠራበት ነርሲንግ ሆም እንድቀጠር ተነጋግረናል። ማመልከቻዬን ከላክሁ ወዲያ በክፍሎች መሃል ወደ ላይብረሪ እየሮጥኩ ኢሜይሌን እከፍት ነበር። ምንም የለም። አንዳንድ ቀን ጓደኛዬን እዚያው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ አገኛታለሁ፤ ስታየኝ የከፈተችውን ትዘጋለች። እኔም እንዳትጠይቀኝ እየተጣደፍኩ ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ።

መልሱ ሚያዝያ ላይ መጣ። ገብቻለሁ። እናቴ እልል ካለች በኋላ፣ «በይ አሁን ንገሪያት» አለችኝ።

ጠዋት የኮሌጁ ፓርኪንግ ውስጥ እንደቆምን ነገርኳት። መሪውን ለቃ አቅፋ ሳመችኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ። «እኔም አፕላይ አድርጌ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሪጀክት አደረጉኝ። ፊዚክስ ቱ የለሽም ነው ያሉኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ይህን ለመጠየቅ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«እማዬ እስኪሆን ድረስ አታውሪ ብላኝ ነዋ።»

ደብተሯን አወጣች። «በሚቀጥለው ዓመት እሞክራለሁ። ሶ፣ ሌላም የሚጎድለኝ ካለ ንገሪኝ።»

አማካሪው ያሉኝን በሙሉ ነገርኳት። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ፤ የመጀመሪያው ክፍላችን ሰዓት አለፈ። ስንጨርስ፣ «አንቺ ይሄን ሁሉ መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

መዋሸት አቃተኝ። «ነሐሴ» አልኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም። ደብተሩን ዘግታ፣ «እንውረድ፣ ረፍዶብናል» አለች። ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው በራችን ድረስ አደረሰችኝ። ቤት ገብቼ ብዙ ካሰብኩ በኋላ ደወልኩላት፤ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ፣ አውቶቡስ እንደሚሻለኝ ነገርኳት።

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።