ሱሉልታ ላይ የቆመው ዘፈን

ባለፈው ሳምንት ከሰበታ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። በሬዲዮው ሁለት ወጣቶች ሂፕ ሆፕን ከክራርና ከድራም ጋር ስለሚያዋህዱ ባንዶች ያወራሉ። አንደኛው፣ ይህን ነገር ቀድመው የሞከሩት የሰበታና የቡራዩ ልጆች እንደነበሩ፣ ለምን እንደተበተኑ ግን የሚያውቅ እንደሌለ ተናገረ። እኔ አውቃለሁ።

ሦስት ነበርን። የቡራዩው ጫላ ቤዝ ጊታር እየመታ ራፕ ያደርጋል፤ በአማርኛ የጀመረውን ስንኝ በኦሮምኛ ሲጨርሰው ሰው ቋንቋው መለወጡን እንኳ ልብ አይልም ነበር። ታምራት ከወላይታ መጥቶ ገላን ፋብሪካ የተቀጠረ ነው፤ ድራም የተማረው በቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሳይጸልይ ዱላውን አያነሳም። እኔ ክራር እጫወታለሁ። በሥራዬ የኤሌክትሪሺያን ረዳት ስለነበርኩ ገመዱም ሽቦውም ሁሉ የእኔ ኃላፊነት ነበር።

እሑድ እሑድ ቡራዩ፣ ኦቦ ቱፋ በሚባሉ ገበሬ የገለባ ቤት እንለማመዳለን። ክረምቱን በሙሉ ጫማችን ጭቃ ተሸክሞ፣ መንገድ ላይ የገዛነውን የበቆሎ ጥብስ እየጋጥን እንደርሳለን። መጀመሪያ ጎረቤት ይስቅብን ነበር። ቀጥሎ ሰርግ ጠሩን። ከዚያ አንድ ሰው በስልኩ የቀረጸን ነገር ከእጅ ወደ እጅ ዞረና የማናውቃቸው ሰዎች ስማችንን መጥራት ጀመሩ።

በዚያው ሰሞን ትልቅ አሮጌ አምፕሊፋየር አገኘን። ባለ ሦስት እግር ስፒናው ሶኬታችን ውስጥ አልገባ ሲል ቆረጥኩትና ሁለቱን ሽቦ በሌላ ስፒና አሰርኩ። ሦስተኛውን፣ ግራውንዱን፣ በፕላስተር ጠቅልዬ ተውኩት። የሾለከ ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይዝ ወደ መሬት የሚያወርደው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫላ ማይኩ ከንፈሩን እንደሚነክሰው እየሳቀ ይነግረን ጀመር። አንድ እሑድ ኦቦ ቱፋ ገብተው አምፕሊፋየሩን በእጃቸው ጀርባ ነኩና ወዲያው ሸሹ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ደህና ነው?» አሉኝ።

«ምንም አይልም ኦቦ፣ ትንሽ ንዝረት ነው።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ በኋላ እኛ እያለን እዚያ ቤት ገብተው አያውቁም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሱሉልታ ሜዳ ላይ በሚደረግ የወጣቶች ዝግጅት እንድንጫወት ተጋበዝን። ጠዋት እንጦጦን ስናልፍ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሜዳው የሌሊቱን ዝናብ ውሃ አቁሯል፤ የመድረኩ ጣውላ ርሷል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ፊት ቆመን አናውቅም። ጫላ ጫማው አዳለጠውና አወለቀው። በባዶ እግሩ እርጥቡ ጣውላ ላይ ሲቆም አየሁት። መናገር እንዳለብኝ አላጣሁትም። ግን ስማችን ተጠራ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ እኔም ክራሬን አነሳሁ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ድምፁ ቀጥ አለ። ግራ እጁ የቤዙን ክር እንደጨበጠ ቀረ። ሕዝቡ የዘፈኑ አካል መስሎት አጨበጨበ፤ ታምራትም መምታቱን አላቆመም። ሮጬ ስፒናውን ነቀልኩ። ጫላ እንደተቆረጠ ዛፍ ወደቀ።

አልሞተም። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ግን ተቃጥለው እንደታጠፉ ቀሩ። ሆስፒታል ስንጠይቀው ሁሉም የሚያወራው ስለ ዝናቡ ነበር።

«ዝናቡ ነው አይደል?» አለኝ ጫላ።

«አዎ፣ ዝናቡ ነው» አልኩት።

ባንዱ በዚያው ቀረ። ታምራት ወደ አገሩ ተመለሰ። ጫላ ቡራዩ ሱቅ ከፍቶ ልጆች ወልዷል፤ ስንገናኝ ስለ ዘፈን አናነሳም። እውነቱን ብነግረው የሚቀልለው ለእሱ ይሁን ለእኔ ብቻ፣ ስንት ዓመት አስቤም አልለየሁትም። አምና ሱቁን ሲያሳድስ መብራቱን እንድዘረጋለት እኔን ጠራኝ፤ በዚህ ነገር ሌላ ሰው እንደማያምን ነገረኝ። ሁለት ቀን ሠራሁለት። ስጨርስ በዚያ እጁ ትከሻዬን ይዞ አመሰገነኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀብዬ ወጣሁ።